ደቻቱ ደረቅ ነው እያላችሁ አታታልሉን

ሰሞኑን አንድ ሰው በሬዲዮ ውይይት ላይ የድሬዳዋው ደቻቱ ወንዝ ዳር ለሱቅ ይከፋፈል ሲል ሰማሁ። ማስረጃው አሜሪካ ነው። ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ሃተራስ የሚባል ቀጭን የአሸዋ ደሴት አለ፤ ዓሣ አጥማጆች በሁለት ውኃ መሀል ስንት ዘመን ኖረውበታል፤ እኛ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ የሆነ ወንዝ ለምን እንፈራለን? ነው ያለው። በጣም ተናደድኩ አቦ!

ደሴቱን ከጠራ የሰዎቹን ታሪክ ለምን ዘለለው? እነዚያ ዓሣ አጥማጆች የኖሩት አሸዋን አምነው አይደለም። የድሮ ቤቶቻቸውን የሠሩት ከውቅያኖሱ ርቀው፣ በወዲያኛው በኩል ዛፍ ተገን አድርገው ነው። ጎርፍ ሲገባ ቤቱ ተንሳፍፎ እንዳይሄድ ወለሉን ራሳቸው ይበሱት ነበር። ከዚያ ወደ ደቡብ ሻክልፎርድ በሚባል ሌላ የአሸዋ ደሴት ላይ ደግሞ ዳይመንድ ሲቲ የሚባል የአጥማጆች መንደር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1899 ከባድ ማዕበል መታቸው። ምን አደረጉ? ቤታቸውን አፍርሰው በጀልባ ጫኑና ተሻገሩ፤ በጥቂት ዓመት ውስጥ መንደሩ ባዶ ሆነ።

ለመርከቦች መንገድ የሚያሳይ የሃተራስ የመብራት ማማም አለ። እ.ኤ.አ. በ1870 ሲሠራ ከባሕሩ 450 ሜትር ገደማ ይርቅ ነበር። ባሕሩ እየበላ እየበላ ደጃፉ ደረሰ፣ እና ያ ሁሉ ገንዘብና መሐንዲስ ያለው አገር እ.ኤ.አ. በ1999 ማማውን እንዳለ አንሥቶ 880 ሜትር ያህል ወደ ኋላ ወሰደው። እዚያው ደሴት ሮዳንቴ በሚባል መንደር ፊታቸውን ወደ ውቅያኖስ አድርገው የተሠሩት የመዝናኛ ቤቶችስ? እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ ተራ በተራ ባሕር ውስጥ እየወደቁ ነው። ሰውየው የጠራው ምስክር የሚመሰክረው በራሱ ላይ ነው።

"አሁን እኮ የጎርፍ መከላከያ ግንብ አለ" ይሉናል። ግንቡ ጠቅሟል፣ እሺ። ግን ግንቡ የተሠራው ያለውን ሰው ለማዳን እንጂ አዲስ ሰው ለመጨመር አይደለም! የደቻቱ ውኃ የሚመጣው ከላይ ከሐረርጌ ደጋ ነው። ከተማው ላይ ጠብ ሳይል ሊደርስ ይችላል። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. በሌሊት መጥቶ ከ250 በላይ ሰው የወሰደው ይኸው "ደረቅ" ወንዝ ነው። ከዚራ ሰፈርም መጋላ ሰፈርም ይህን ያልሰማ የለም፤ ሰምቶ ዝም ማለት ግን ከማጥፋት አይተናነስም።

ነጋዴው ቦታ ይፈልጋል፣ ይገባኛል። ከፍ ያለ መሬት ይፈለግለት። ወንዙ ዳር ዛፍ ይተከል። የተሰጠ ፈቃድ ካለም ዝናቡ ሳይገባ ዛሬውኑ ይሰረዝ።