ይድረስ «ከምንም» ወደ ሥራ ላደረሱኝ ኩባንያ

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከናፍቆትዎ በስተቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።

ስምዎን እዚህ አልጽፍም። ለንደን ውስጥ ጆብ ሴንተር፣ ማለትም የመንግሥቱ የሥራ ፈላጊዎች ቢሮ፣ ደጅ የጠና ሁሉ ያውቅዎታል። እርስዎን ባያውቅ ወንድምዎን ያውቃል። መንግሥት ሥራ አጡን ቆጥሮ «ይኸው፣ ሥራ አስይዙልኝ» እያለ በኮንትራት የሚያስረክብዎት የግል ድርጅት ነዎት። ከዶሮ መጥበሻው በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ሊፍቱ የማይሠራበት።

ባለፈው ማክሰኞ ከሌሊት ፈረቃ ገብቼ ገና ዓይኔን ስከድን ስልኬ ጮኸ። «እንኳን ደስ አለህ! ብቅ በልና ቡና እንጠጣ» አለችኝ ልጅትዎ። ቡና! ስምንት ወር እርስዎ ቢሮ ስመላለስ ውሃ መቅጃ ኩባያ እንኳ አላየሁም። (እንግሊዝኛ አንተና አንቱ የለውም። ቢኖረው የትኛው እንደሚደርሰኝ አውቃለሁ።)

አልመጣም ማለት እችል ነበር። ግን የደመወዜ ነገር ትንሽ ስለሆነ ዩኒቨርሳል ክሬዲት የሚሉት የመንግሥት ድጎማ አሁንም በከፊል ይገባልኛል። ስለዚህ ከእርስዎ ቁጥር ሲደወል ሆዴ ባር ባር ይላል። እግሬ ከእኔ ቀድሞ ተነሳ። ስምንት ወር የሠለጠነ እግር ነው።

ቡናው አልነበረም። የነበረው ነጭ ሰሌዳ ነው። ጥጉ የተሸረፈ፣ ከክንድ የማይበልጥ። ልጅትዎ አረንጓዴ ማርከር አውጥታ ስሜን ጻፈች፣ አንድ ፊደል ገደፈች፣ ከሥሩ «ከምንም ወደ ሥራ!» ብላ ጨረሰች። ሰሌዳውን አስያዘችኝ። «ደረትህ ላይ። ትንሽ ከፍ። ፈገግ!» ለስኬት ግድግዳው ነው አለች። ፎቶዬ ከሌሎቹ ጋር ይሰቀላል። በእርስዎ ፌስቡክም ይወጣል።

ሰሌዳውን ቁልቁል አየሁት። ከእኔ ስም ሥር የሌላ ሰው ስም በደንብ ሳይጠፋ ይታያል። «ከምንም ወደ ሥራ» የሚለው ግን ወፍሯል፣ ብዙ ጊዜ ተደጋግሞበታል። ለካ እሱ አይጠፋም። የሚቀየረው ስሙ ብቻ ነው።

ፊት ለፊቴ ተረኞቹ ተቀምጠዋል። ሁሉም ያዩኛል። ጥግ ላይ ያ ጀርባውን የሚያመው ግንበኛ አለ። እኔ ስገባ እዚያው ወንበር ላይ ነበር፣ ዛሬም እዚያው ነው። አይቶኝ አንገቱን ደፋ። ለእኔ አፍሮልኝ ነው መሰለኝ።

እስቲ ልጠይቅዎት። «ምንም» ማለት ምን ማለት ነው? ደብረ ብርሃን 17 ዓመት ሒሳብ አስተምሬያለሁ። ከ70 በላይ ተማሪ በአንድ ክፍል፣ ጠመኔው ሲያልቅ ከኪሴ እየገዛሁ። ለንደን መጥቼ ስድስት ዓመት በአረጋውያን መጦሪያ የሰው እናትና አባት አጥቤያለሁ፣ ሌሊት ገልብጬያለሁ፣ ሲሞቱ ዓይናቸውን ከድኛለሁ። መጦሪያው ሲዘጋ ነው እርስዎ እጅ የገባሁት። ይሄ ነው ምንም? ዜሮን ለትውልድ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ዜሮ ምን እንደሆነ ከእርስዎ አልማርም። ሰውን ምንም ብሎ ጽፎ ደረቱ ላይ ማስያዝ ነውር ነው። ነውር!

ይህን ሁሉ ያልኩት በሆዴ ነው። በአፌ ምንም አላልኩም። ፈገግ አልኩ። እሱ ነው እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

በመጀመሪያ፣ አባቴን ስላከበሩልኝ። ስምንት ወር ሙሉ በየደብዳቤው በአባቴ ስም ነው የሚጠሩኝ። አባቴ ካረፉ 20 ዓመታቸው ነው። ቀጠሮ ቀርተው ሳንክሽን እንዳይደረጉ፣ ድጎማቸው እንዳይቆረጥ፣ እሰጋለሁ።

የአውቶቡስ ሒሳብ ለመመለስ ደረሰኝ ስለጠየቁኝም አመሰግናለሁ። የለንደን አውቶቡስ ከ2014 ጀምሮ ጥሬ ገንዘብ አይቀበልም፣ ደረሰኝም አይቆርጥም። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።)

በሳምንት 35 ሰዓት ሥራ ፈልግ ለተባልኩትም አመሰግናለሁ። ያገኘሁት ሥራ 22 ሰዓት ነው። ፍለጋው የተሻለ ሥራ ነበር።

የሒሳብ ሥልጠናውን ግን በአንድ መስመር አላልፈውም። ሲስተምዎ ላይ «መሠረታዊ የቁጥር ችሎታው አልተረጋገጠም» ተብሎብኝ ሦስት ጠዋት ፐርሰንት ተማርኩ። ዲግሪዬን ይዤ ሄጄ ነበር። ልጅትዎ አገላብጣ አይታ «ይሄ የየት አገር ፊደል ነው? ያምራል» ብላ መለሰችልኝ። አሠልጣኙ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደግ ልጅ ነው። ፒዛ ሥሎ በስምንት ቆረጠው። «ሁለቱን ብትበላ ስንት ፐርሰንት ይቀርሃል?» አለኝ። ሑዳዴ ነበር። «መቶ» አልኩት። አይብ አለበታ! ተሳስተሃል ተባልኩ።

ተራ ቢሰጡኝ ኖሮ እኔም የምቆርሰው ፒዛ ነበረኝ። በ2011 እዚሁ አገር ወርክ ፕሮግራም የሚሉት፣ ሥራ አጡን ለግል ኩባንያዎች የሚያስረክበው፣ ተጀመረ። 18 ዋና ኮንትራክተሮች 40 ኮንትራት ተካፈሉ። በመጀመሪያዎቹ 14 ወራት ከተላከላቸው ሰው ውስጥ ከቤኔፊት (ከመንግሥት ድጎማ) ወጥቶ ሥራ ላይ የቆየው 3.6 ፐርሰንት ነው። የታሰበው 11.9 ነበር። ከ18ቱ አንዱም የኮንትራቱን ግብ አልመታም። የፓርላማው የመንግሥት ሒሳብ ኮሚቴ በ2013 ይህንን ዘርግቶ የባሰውን አወጣ። የሥራና የጡረታ መሥሪያ ቤቱ ራሱ «ፕሮግራሙ ጨርሶ ባይኖር ይህን ያህል ሰው በራሱ ሥራ ያገኛል» ብሎ የገመተው ቁጥር ነበረው። ውጤቱ ከዚያም አነሰ። ቤቱ የተኛው ሳይሻል አይቀርም ማለት ነው። ይሄንን ፒዛ በስንት ልቁረጠው?

ያው የእርስዎ መንደር የቆየ ታሪክ አለው። ኤ ፎር ኢ የሚባለውን ሥራ አስያዥ ኩባንያ ያስታውሱታል። ገቢው ከሞላ ጎደል ከመንግሥት ኮንትራት ነበር። ባለቤቷ ኤማ ሃሪሰን በአንድ ዓመት 8.6 ሚሊዮን ፓውንድ የትርፍ ድርሻ ወሰዱ፣ ወሬው ሲወጣ ጉድ ፈላ፣ በየካቲት 2012 ከሊቀመንበርነቱም ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከሰጧቸው የአማካሪነት ሹመትም ለቀቁ። በ2015 ደግሞ ስድስት የኩባንያው የቀድሞ ሠራተኞች እስር ቤት ገቡ። ፊርማ አስመስለው፣ ወረቀት ሠርተው፣ ሥራ ያላስያዙትን ሰው አስያዝን ብለው ስላስከፈሉ ነው።

እርስዎን አላልኩም። እርስዎ ሕግ አክባሪ ነዎት። እኔ በእርግጥ ተቀጥሬያለሁ። እንዴት እንደተቀጠርኩ ልንገርዎት፣ ለግድግዳዎ ይሆናል።

እሑድ ነው። ቅዳሴ አልቆ ጸበል ጸዲቅ እየቀመስን ነው። አንዲት እትዬ (ስማቸውን አልጠራም፣ ጆብ ሴንተር ሊደውልልኝ ነው ብለው ይደነግጣሉ) «አንተ ልጅ፣ አሁንም ሥራ የለህም?» አሉኝ። 52 ዓመቴ ነው። እሳቸው የሆስፒታል አንሶላ የሚታጠብበት መጋዘን ይሠራሉ። «ማታ ማታ ሰው ይፈልጋሉ። ነገ ና፣ ወፍራም ካልሲ አድርግ፣ ሲሚንቶው ይበርዳል።» በቃ። ዳቦው በእጄ እንዳለ አለቀ። በማግስቱ ስሄድ ሲቪ የጠየቀኝ የለም። ያንን እርስዎ አምስት ጊዜ ፊደሉን ያስቀየሩኝን ሲቪ! አለቃው የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «ጀርባህ ደህና ነው?»

እና ማን ይከፈለዋል? እትዬ? እሳቸው የቀሩበት ነገር አለ። ሪስታርት የሚባለው የእናንተ ፕሮግራም ከ2021 ጀምሮ ሲሠራ ክፍያው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ሰው ተቀጠረም አልተቀጠረም የሚገባልዎት ነው። ሁለተኛው የሚመጣው የተቀጠረው ሰው ደመወዝ ልክ ሲደርስ ነው፦ በሳምንት 16 ሰዓት፣ ለ26 ሳምንት፣ በሕጉ ዝቅተኛ ክፍያ ሲባዛ። ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ላይ ደመወዜን ያያል፣ ይደምራል፣ ሲሞላ ኪስዎ ይገባል። እርስዎ አይነሱም፣ አይደውሉም። 416 ሰዓት አንሶላ ማጠፍ የእኔ ነው። አንዳንድ ሌሊት እያጠፍኩ እቆጥርልዎታለሁ። የሰው ወርቅ አያደምቅም ያለው ሰው እርስዎን አላየም።

የድሮው የሰፈራችን ሥራ አገናኝ ደላላ ትዝ ይለኛል። ሌባ ነበር፣ አልዋሽም። ግን የሚያስቀጥራትን ልጅ አገሯን፣ እናቷን፣ ምን ወጥ እንደምትችል ያውቃል። ሳያስቀጥር አምስት ሳንቲም አይነካም። ሰው በዘመዱ ተቀጥሮ ሲያይ «ኮሚሽኔን» ቢል ደግሞ ድንጋይ ነው የሚጠብቀው።

ሰው ሥራ ሲይዝ ይከፈላል ከተባለ ወዲህ ቅቤውን አውጥቶ አሬራውን መተው ልማድ ሆኗል። ወጣቱን፣ ጤነኛውን፣ ነገ ራሱ የሚቀጠረውን ይንከባከቡታል። ያ ግንበኛ ግን አሬራ ነው። በአሥራ አምስት ቀን አንዴ አምስት ደቂቃ ያናግሩትና «በርታ» ብለው ይልኩታል። ለሚያመው ጀርባው አንድ ሐኪም፣ አንድ ቁጭ ተብሎ የሚሠራ ሥራ የሚያውቅ ሰው ፈልጋችሁለት ታውቃላችሁ? ቅዳሜ ቤቴ ጠርቼው ሽሮ በላን። በአንድ ሰዓት ስለ እሱ ያወቅሁት እርስዎ በወራት ያላወቁትን ነው። በእጁ በር ይሠራል፣ የሚያማምር በር። ፋይሉ ላይ ያለው «የሥራ ፍላጎቱ ዝቅተኛ» ነው።

እስራኤል አገር፣ አሽቀሎን ላለችው የአክስቴ ልጅ ደውዬ ይህን ብነግራት ሳቀች። «ቪስኮንሲን ነው በለኛ!» የእነሱ ፕሮግራም ስሙ ነው፤ ከ2005 እስከ 2010 ቀምሰውታል። አሽቀሎንን ጨምሮ በአራት አካባቢ የግል ኩባንያዎች ሥራ ፈላጊውን ተረከቡ። መጀመሪያ ላይ የኩባንያው ትርፍ ከድጎማ ቅነሳው ጋር የተሳሰረ ነበር። ብዙ ሰው ከድጎማ ሲወጣ ብዙ ገንዘብ። ኢየሩሳሌም ላይ ደግሞ ያ ኤ ፎር ኢ ራሱ ሽርክና ነበረው። ዓለም ጠባብ ናት። የክነሴት፣ የእስራኤል ፓርላማ፣ ኮሚቴ በሚያዝያ 2010 አላራዝምም ብሎ ዘጋው።

የመጨረሻው የፎቶ ጉዳይ ነው። እዚህ አገር በነፃ የሚሠሩ ሥራ አጦች የተመደቡላቸው ድርጅቶች ስም ይገለጽ ተብሎ በ2012 ሲጠየቅ ያው የሥራና የጡረታ መሥሪያ ቤት እምቢ አለ። ስማቸው ከወጣ ሰው ይቃወማቸዋል፣ ገበያቸው ይጎዳል ብሎ እስከ ይግባኝ ፍርድ ቤት ተከራከረ። ስሞቹ የወጡት በ2016 ነው። አራት ዓመት ለስማቸው ሲታገሉ የኔ ፊት ግን በአንድ ጠዋት ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። የተገደፈችው ፊደል እንኳ ሳትመለስ።

ስለዚህ ፎቶው ይውረድልኝ። ሰሌዳውንም በእርጥብ ጨርቅ ይወልውሉት፣ በደረቁ አይለቅም።

ከሰላምታ ጋር
(ፊርማ፣ ከአባቴ ስም በፊት የራሴ ስም)

ግልባጭ፦
ለፓርላማው የመንግሥት ሒሳብ ኮሚቴ
ለግንበኛው፣ ጥግ ያለው ወንበር
ለእትዬ፣ ኮሚሽኑ ከመጣ ለእሳቸው ይሰጥልኝ