እሳተ ገሞራን ምስክር አትጥሩ

ሰሞኑን ኮምቦልቻ ውስጥ ስለ አየር ንብረት በተደረገ ውይይት አንድ ተናጋሪ «ምድር ሰው ሳይፈጠርም ትሞቅ ነበር። የሚያሞቃት እሳተ ገሞራ ነው፤ ፋብሪካ ምን አደረገ?» ብለው አረፉት። አዳራሹ አጨበጨበ። ጭብጨባው ነው ያበገነኝ።

መሞቁን ሞቃለች። ከ56 ሚሊዮን ዓመት በፊት ሙቀቷ ቢያንስ በ5 ዲግሪ ጨምሯል። ከ252 ሚሊዮን ዓመት በፊት ደግሞ ሳይቤሪያ ላይ ላቫ ሲፈስ አብዛኛው የባሕር ፍጥረት አለቀ። «ያለ ነገር ነው» ተብሎ የሚያጽናናው ይሄ ነው እንግዲህ!

እኚህ ሰው ወደ ደሴ ወጣ ብለው የጦሳን ተራራ ቢያዩት ምን ነበረበት? ጦሳ እኮ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰው ላቫ ወሎን አልፎ የመን ድረስ አልብሷል። ታዲያ ያኔ ዓለም ጋየች? ኧረ እቴ! አንታርክቲካ በረዶ ተሸክማ ነበር። እሳት ብቻውን ያን ሁሉ ጣጣ አያመጣም ማለት ነው። ዋናው ነገር እሳቱ ከመሬት ሥር ምን አገኘ የሚለው ነው። ሳይቤሪያ ላይ ቅልጥ አለቱ የድንጋይ ከሰል ንብርብር ውስጥ ሰርስሮ ገብቶ አነደደው። ከ56 ሚሊዮን ዓመት በፊትም፣ ብዙ ተመራማሪዎች እንደሚሉት፣ ሰሜን አትላንቲክ ሥር ካርቦን ያመቀ ደለል ውስጥ ገብቶ ምድርን የሚያሞቁትን ጋዞች፣ ሚቴንና ካርቦን ዳይኦክሳይድን፣ አስተፋው። ምድርን ያነደዳት የተቀበረው ካርቦን ነው። እኛስ ምን እያደረግን ነው? ያንኑ ከሰል ቆፍረን፣ ያንኑ ነዳጅ ቀድተን እናነዳለን። ለመከላከያ የተጠራው ምስክር ተከሳሹ ላይ መሰከረ ማለት ይሄ ነው።

ፍጥነቱ ደግሞ ይባስ። የ56 ሚሊዮን ዓመቱ ካርቦን ተለቆ ለማለቅ ሺህ ዓመታት ፈጅቶበታል። እኛ በ200 ዓመት እያጣደፍነው ነው። የዛሬዎቹ እሳተ ገሞራዎች ተደምረው የሰው ልጅ ከሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ አንድ መቶኛውን እንኳ አይሞሉም። ኤርታሌ ስሟ በከንቱ ጠፋ።

«የኢትዮጵያ ድርሻ ኢምንት ነው» ቢሉ እኔም አብሬ ባጨበጨብኩ ነበር። እውነት ነዋ! ያነደዱት ሌሎች ናቸው፤ ድርቁና ጎርፉ ግን ወሎ ድረስ ይመጣል። ይሄን የመሰለ መከራከሪያ በእጃቸው እያለ ጥፋተኛውን በገዛ አፋቸው ነጻ ለቀቁት። ጥፋቱ የእሳተ ገሞራ ከሆነ ካሳውን ማንን ልንጠይቅ ነው? ኤርታሌን?