ይድረስ ለሰባተኛው ጣውላ

በጥንታዊው ቅንጡ ሆቴል፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ በአልጋዬና በመታጠቢያ ቤቱ መካከል ለሚገኙት
ለክቡር ሰባተኛው ጣውላ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ እንቅልፍን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ብዙ ትውልድ እንደሚበልጡኝ ስለተነገረኝ አንቱ እያልኩ ነው የምጽፍልዎ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ግን «አንተ» ብዬዎት ነበር። ሌላም ነገር ጨምሬበት ነበር። በጨለማ የተባለ ነውና እዚያው ይቅር።

አተዋወቃችንን ያስታውሱት እንደሆነ አላውቅም። እንግዳ ተቀባዩ ሻንጣዬን ተሸክሞ ያንን ጠባብ ደረጃ አወጣኝ። ሊፍት የለም፤ ሕንፃው ቅርስ ነው። ሙቅ ውሃ ለመምጣት ሩብ ሰዓት ይፈጃል፤ ቧንቧው ታሪካዊ ነው። መስኮቱ አይገጥምም፤ ኦሪጅናል ነው። ዋይፋዩ ከኮሪደሩ አያልፍም፤ ግድግዳው የዚያን ዘመን ድንጋይ ነው። (ይኼኛው እንኳ እውነት ነው። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ሲግናል ይውጣል።) እኔ በተከራየሁት ቤት ቧንቧ ሲያንጠባጥብ ብልሽት ይባላል፤ አከራዬም ያፍራሉ። እዚህ ድባብ ይባላል፤ ሒሳቡ ላይም ይደመራል።

እንግዳ ተቀባዩ መጋረጃውን ሊከፍት ሲሄድ እርስዎን ረገጠ።

ሲጢጢጥ... ቋ!

ልጁ እንግዳ ፊት ግጥም እንዳነበበለት አባት ፈገግ አለ። «ኦሪጅናል ነው» አለኝ። እኔም፣ አልዋሽም፣ «ዋው!» አልኩ። አጎንብሼ ፎቶም አነሣሁዎት። ያኔ ቀን ነበር።

ሌሊት ነቃሁ። ልተኛ፣ ልነሣ እያልኩ ግማሽ ሰዓት ያህል ተገላበጥኩ። ሽንት ደግሞ ሽምግልና አይቀበልም። ጫማዬን ትቼ፣ በእግር ጣቴ እንደ ሌባ ተነሣሁ። አንደኛው ጣውላ ዝም። ሁለተኛው ዝም። እስከ ስድስተኛው ድረስ ያሉት ሁሉ ጨዋ ልጆች ናቸው፤ እግዜር ይስጣቸው። ከዚያ እርስዎ መጡ።

ድምፅዎን ልብ ብዬ አዳምጬዋለሁ። መጀመሪያ ጡረተኛ ከወንበር ሲነሣ እንደሚያሰማው ያለ ረጅም ትንፋሽ አለው። ቀጥሎ ቀጭኗ ሲጢጥታ ትመጣለች፤ ጥርስ የምታንገፈግፈው። እግሬን ላነሣ ስል ደግሞ «ቋ!» ይላሉ፤ የእስር ቤት በር እንደተዘጋ። እኔ እንደ ሽመላ በአንድ እግር ቆሜ ቀረሁ። ከስር ካለው ክፍል አንድ ሰው ሳለ። ሳሉ የጉንፋን አልነበረም። መልእክት ያለው ሳል ነበር።

እንግዲህ ወደ ኋላ ብመለስ ጉዳዬ አልተፈጸመም። ወደ ፊት ብሄድ የመልስ ጉዞው አለ። ስመለስ ልዘልዎት ሞከርኩ። ስምንተኛው ለካ ዘመድዎ ኖሯል።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የት ይገኛል? ስልኬን ከፍቼ፣ በራሴው ዳታ፣ ስለ እርስዎ ዓይነቶቹ ማንበብ ጀመርኩ። ጃፓን፣ ኪዮቶ ውስጥ ኒጆ የሚባል ቤተ መንግሥት አለ። እ.ኤ.አ. በ1603 ቶኩጋዋ ኢያሱ የተባለው ሾጉን፣ ማለትም የጃፓን የጦር ገዥ፣ ያሠራው ነው። የኮሪደሩ ወለል ሲረገጥ እንደ ወፍ ይንጫጫል። ከስር ያሉት የብረት ማያያዣዎችና ምስማሮች እርስ በርስ ሲፋተጉ ነው አሉ ያን ድምፅ የሚያወጡት። በሌሊት ተሹለክልኮ የሚገባ ጠላትን እንዲያጋልጥ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው የሚሉ አሉ። የለም፣ ምስማሮቹ በጊዜ ብዛት ስለላሉ ነው የሚሉም አሉ። የመጀመሪያውን ወገን ብናምን፣ ያ ወለል ሾጉኑን ከነፍሰ ገዳይ ይጠብቃል። እርስዎ ማንን ከማን ነው የሚጠብቁት? መታጠቢያ ቤቱን ከእኔ?

ወፏም እኮ ዜማ አላት።

ሕመምዎንም አጥንቻለሁ። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል። ይህ ለዘመናት ሲደጋገም የምስማሩ ቀዳዳ ይሰፋል። ሰው ሲረግጥዎት በላላው ምስማር ላይ ወጣ ገባ ይላሉ፣ ከጎረቤትዎም ጋር ይፋተጋሉ። ይኸው ነው። ታሪክ የተባለው ነገር የላላ ምስማር ነው! መድኃኒቱም ቀላል ነው፤ ከስር ካለው አግዳሚ እንጨት ጋር የሚያጣብቅ አንድ ብሎን፣ ወይም በስንጥቁ የሚነሰነስ ጥቂት ታልክ ፓውደር።

ጠዋት ይህንኑ ለእንግዳ ተቀባዩ በትሕትና አቀረብኩ። የአያቱን ጥርስ ልነቅል የመጣሁ ይመስል ደነገጠ። «ጌታዬ፣ ቅርስ አይነካም!»

እሺ፣ ስለ ቅርስ እናውራ ካልን እናውራ። ስለ ቅርስ ጥበቃ የወጣው ዓለም አቀፍ ሰነድ፣ እ.ኤ.አ. የ1964ቱ የቬኒስ ቻርተር፣ ታሪካዊ ሕንፃን ለኅብረተሰቡ በሚጠቅም ተግባር ላይ ማዋል ለጥበቃው ያግዛል ይላል፤ የሕንፃው አቀማመጥና ጌጥ እንዳይለወጥ ግን ያስጠነቅቃል። በእኔ ግምት እንቅልፍ ለኅብረተሰቡ የሚጠቅም ተግባር ነው። ፓውደርም ጌጥ አይለውጥም። ስፔን፣ ሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላ ውስጥ ያለው ዝነኛ ሆቴል እኮ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተገነባው ለደከሙና ለታመሙ ተሳላሚዎች ነበር። ቅንጡ ሆቴል የሆነው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። ያኔ ሰው ታሞ ይገባል። ዛሬ ሒሳቡን ሲያይ ታሞ ይወጣል።

ይህን ሁሉ ለእንግዳ ተቀባዩ አልነገርኩትም። «ገባኝ፣ አመሰግናለሁ» ብዬ ወደ ክፍሌ ተመለስኩ። የኮመዲኖውን መሳቢያ የከፈትኩት ያኔ ነው። ውስጡ ወፍራም ክሬም ቀለም ፖስታ አለ። የሆቴሉ ዓርማ በወርቃማ ቀለም ታትሞበታል። ከስሩ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ «ለምቾትዎ» ይላል። ስከፍተው ሁለት የጆሮ መድፈኛ።

ያውቃሉ ማለት ነው! ክቡር ሆይ፣ በእርስዎ ጉዳይ አንድ ሙሉ የሆቴል አስተዳደር ተሰብስቦ መክሯል። ፖስታ አሳትሟል። የፖስታውን ቀለም መርጧል። ፓውደር ብቻ አልገዛም።

በሁለተኛው ሌሊት ስልቴን ቀየርኩ። ጣውላ የሚጮኸው መሀሉ ላይ ሲረገጥ ነው፤ የሚሸከሙት እንጨቶች ግድግዳው ላይ ባረፉበት ጥግ እምብዛም አይረግብም። ጀርባዬን ለግድግዳ ሰጥቼ፣ ፊልም ላይ እንደማውቃቸው ሰላዮች በጎኔ ተንሸራተትኩ። ሠራ! ሲጢጥም የለ፣ ቋም የለ። ድሌን በልቤ እያከበርኩ ሳለ ትንሿ የእግር ጣቴ ከጥንታዊው ቁም ሳጥን ጋር ተገናኘች።

የጮኽኩት እኔ ነኝ። ለዚያ እርስዎን አልከስም። በዚህኛው ሌሊት ግን ከላይም ከታችም ነው የተሳለው።

በማግስቱ ቁርስ ላይ ዓይናቸው በርበሬ የመሰለ አንድ ጎልማሳ ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። ፊቴን አላዩም፤ እግሬን ነው ያዩት። «9 ሰዓት?» አሉኝ። «9 ሰዓት» አልኩ። «እኔ ከስር ነኝ» አሉ። ሌላ አልተነጋገርንም። ስኳሩን አቀበሉኝ።

ልሰናበት ስል የእንግዶች መዝገብ ቀረበልኝ። የክፍሉን ቁጥር ፈልጌ ከእኔ በፊት የነበሩትን አነበብኩ። «የማይረሳ ሌሊት!» ይላል አንዱ። «ያለፈው ዘመን አሁንም ያናግራል» ይላል ሌላው። የሁለቱም የእጅ ጽሑፍ ይንቀጠቀጣል። ብዕሩን ይዤ ትንሽ አሰብኩ። እንግዳ ተቀባዩ በፈገግታ ቆሞ ያየኛል። «ታሪክ በእያንዳንዱ እርምጃ ይሰማል» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ፎቶዎንም ለጓደኞቼ ልኬ «ዋው!» ተብያለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
የክፍልዎ የቀድሞ ተከራይ

ግልባጭ፦
ለስምንተኛው ጣውላ፣
ለቁም ሳጥኑ፣
ከስር ላሉት እንግዳ — በመጀመሪያው ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ለሰሙት ይቅርታ እጠይቃለሁ። 10 ሰዓት ላይ የሰሙትን ግን እኔ አልነበርኩም። ብርድ ልብሱን ተከናንቤ እኔም እየሰማሁት ነበር።