ከግርጌ የምትሸጎጠው ትንሿ ሁለት

የተማሪዎቻችንን ብልሃት ሳላደንቅ ባልፍ ነውር ነው። ኬሚስትሪ ላይ «እኩልታውን ባላንስ አድርጉ»፣ ማለትም የግራና የቀኙን አቶም እኩል አድርጉ፣ ሲባሉ የድሮ ሞኞች አቶም ይቆጥሩ ነበር። ግራውን ቆጥረው፣ ቀኙን ቆጥረው፣ ከፊት አንድ ቁጥር ሞክረው፣ በላጲስ አጥፍተው፣ እንደገና ከሀ። የዛሬዎቹ በአንድ ምት ይገላገሉታል። የጎደለችውን ቁጥር ከግርጌ ሸጎጥ ማድረግ ነው።

ባለፈው የእህቴ ልጅ የቤት ሥራውን ይዞ መጣ። ዘጠነኛ ክፍል ነው። ጥያቄው ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ተዋህደው ውሃ የሚሆኑበት ነው። በግራ ኦክስጅን ሁለት፣ በቀኝ አንድ። ደብተሩ ላይ ጎንበስ አለና «ኤች ቱ ኦ» ካለው ጥግ የጤፍ ፍሬ የምታህል 2 ጣል አደረገ።

«ባላንስ ሆነ፣ ጋሼ!»

ቆጠርኩት። እውነትም ሁለት ለሁለት። ውሃው ብቻ የለም፤ የግርጌዋ ቁጥር ስትቀየር ነገሩ ራሱ ይቀየራልና። በቦታው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ተቀምጧል፤ ያ ፋርማሲ ለቁስል ማጠቢያ የሚሸጠው፣ ፀጉር የሚያነጣው።

«እንግዲህ ሲጠማህ ጠጣዋ» አልኩት።

«ጋሼ ደግሞ! የሚታየው ቁጥሩ ነው።»

ይህ ልጅ አድጎ ሒሳብ ክፍል ቢገባ ኦዲተር አያስቸግረውም።

ፈረንሳዊው ኬሚስት ላቩዋዚዬ በኬሚካዊ ለውጥ ቁስ እንደማይጠፋና እንደማይፈጠር እ.ኤ.አ. በ1789 መጽሐፉ የጻፈው ዕድሜውን ሙሉ ሲመዝን ኖሮ ነው። ከ4 ግራም ሃይድሮጅንና ከ32 ግራም ኦክስጅን 36 ግራም ውሃ ይወጣል፤ በፊደል ሲጻፍ ከሃይድሮጅኑም ከውሃውም ፊት 2 ማስቀመጥ ብቻ ነው። ምስኪን ሰውዬ! እርሳስ እያለ ሚዛን ምን ያደርጋል?

ከሁሉ ያስደነቀኝ ግን ከሰሉ ነው። አየር ሲያጥረው የሚያወጣውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ታውቁታላችሁ። በር ዘግተው ከሰል ያነደዱ ስንት ሰዎች በተኙበት ቀሩ! «መስኮት ክፈቱ» እያልን ስንመክር ኖርን። ልጁ ግን ካርቦንና ኦክስጅን «ሲ ኦ» የሚሆኑበት ጥያቄ ላይ ሲደርስ ያችኑ ትንሽ 2 ከኦ ሥር ሸጎጣት። መርዙ ወዲያው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆነ። በር ሳይከፈት።

በማግስቱ ደብተሩን አየሁት። መምህሩ ራይት አድርጎለታል።

ቀጣዩ የቤት ሥራ ዝገት ነው። ብረቱ ፊት 4፣ ኦክስጅኑ ፊት 3፣ ዝገቱ ፊት 2፤ እነዚህን ቁጥሮች ማግኘት ላብ ይጠይቃል። ልጁ እርሳሱን እየቀረጸ ነው።