ለአምስቱ የመስመር ጥያቄዎች የቀረበ ምስጋና

የሰውን አንጎል በአምስት ደቂቃ መርምሮ ለሚያሰናብተው አሠራር ምስጋናዬን ሳላቀርብ ብቀር ውለታ ቢስ እባላለሁ። ጡረታ የወጡት አጎቴ ከቤታቸው ወደ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደውን መንገድ ሁለት ጊዜ ስለሳቱ፣ ከፒያሳ ብዙም ወደማይርቅ አንድ ክሊኒክ ይዣቸው ሄጄ ነበር። (መንገዱ ራሱ በኮሪደር ልማቱ መልኩን ስለለወጠ፣ ማን ማንን እንደሳተ ለመለየት ሌላ ምርመራ ሳያስፈልግ አይቀርም።)

የቀረበላቸው የመስመሮችን አቅጣጫ የመለየት ፈተና ነው። የነርቭ ሥነ ልቦና ተመራማሪው አርተር ቤንተንና ባልደረቦቹ አሜሪካ፣ አዮዋ ውስጥ ሲያዘጋጁት 30 ጥያቄዎች ነበሩት። ከአንድ ነጥብ ተነሥተው እንደ ማራገቢያ የተዘረጉ፣ ቁጥር የተሰጣቸው 11 መስመሮች ከታች ይቀመጣሉ፤ ተፈታኙም ከላይ የሚታዩት ሁለት መስመሮች ከየትኞቹ ጋር አንድ አቅጣጫ እንዳላቸው ይናገራል፤ አንዱን እንኳ ቢስት ጥያቄው አይያዝለትም። በተለይ የቀኝ አንጎላቸው የኋለኛ ክፍል የተጎዳባቸው ሰዎች በዚህ ፈተና ይቸገራሉ። ክሊኒኩ ግን ከ30ዎቹ የመጀመሪያዎቹን 5 ብቻ አስቀርቶ ሌላውን ከትርፍ ቆጥሮታል።

አጎቴ ከ5ቱ 3 መለሱና «አባባ፣ የቦታ ግንዛቤዎ ቀንሷል» ተባሉ። በሳምንቱ ስንመለስ 5ቱንም አገኙ፤ «በጣም ተሽሎዎታል!» ተብለውም ተመረቁ። በመካከሉ አንዲት ክኒን እንኳ አልዋጡም። መድኃኒት ሳይሰጥ በሰባት ቀን አንጎል የሚያድስ ሕክምና በከተማችን እምብርት መገኘቱ፣ ለውጭ ሕክምና የሚወጣውን ገንዘብ ሁሉ ያስቀራል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ይህን ፈውስ ለማጣጣል የሚሞክሩ ሒሳበኞች አይጠፉም። ቻርልስ ስፒርማንና ዊልያም ብራውን የተባሉ ሁለት ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1910 እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ባሳተሙት ቀመር መሠረት፣ አስተማማኝነቱ (ውጤቱ ምን ያህል እንደሚጸና የሚያሳየው፣ ከ0 እስከ 1 የሚለካው ቁጥር) 0.90 የሆነ የ30 ጥያቄ ፈተና፣ የሚቀሩት ጥያቄዎች ከሚጣሉት ጋር አንድ ዓይነት ቢሆኑ እንኳ፣ ወደ 15 ሲወርድ ወደ 0.82፣ ወደ 10 ሲወርድ ወደ 0.75፣ ወደ 5 ሲወርድ ወደ 0.60 ዝቅ ይላል። ከውጤቶቹ ስርጭት አንጻር ሲታይም፣ በ0.60 ላይ ያለው የመለኪያ ስሕተት በ0.90 ጊዜ የነበረው እጥፍ ነው። በ30 ጥያቄ ውስጥ አንዲት የዓይን መባዘን ከመቶ ሦስት ገደማ ታስቀንሳለች፤ በ5 ጥያቄ ግን ከመቶ ሃያ ትወስዳለች። «አንድ ሰው አስቦ፣ አንድ በሬ ስቦ» የትም አይደረስም ያሉት አባቶቻችንም ከእነዚሁ ሒሳበኞች ወገን መሆናቸው ያሳዝናል።

ጥያቄዎቹ ከቀላል ወደ ከባድ የተደረደሩ መሆናቸው ደግሞ የክሊኒኩን ብልሃት ይበልጥ ያጎላዋል። እናቶቻችን ጤፍ ሲገዙ ከኬሻው አፍ ዘግነው አያምኑም፤ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ሰደው ከሥር ያወጣሉ፤ ነጋዴው ከላይ ምን እንደሚያደርግ ያውቁታልና። ፈተናውን በጥንቃቄ ያሳጠሩ ተመራማሪዎችም እንዲሁ ከላይ አልዘገኑም፤ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸውን 15 ጥያቄዎች ተጋማሽ ቁጥር ካላቸው 15 ለይተው፣ ቀላሉም ከባዱም በሁለቱም ወገን እንዲገኝ አድርገው፣ ውጤቱን ከሙሉው ፈተና ጋር እያስተያዩ ለፍተዋል። ምን ያህል ጊዜ እንዳባከኑ ማሰብ ያደክማል! አራት ኪሎ ካፌ ውስጥ የተቀመጠ ወጣት ስልኩ ላይ በመጣች አንዲት ሥዕል፣ ያውም ማኪያቶው ሳይቀዘቅዝ፣ የጓደኞቹን አእምሮ ሁሉ መዝኖ ይጨርሳል።

አጎቴ ግን ቀያሽ ስለነበሩ ይህ ሥልጣኔ አልዋጥ አላቸው። በሥራ ዘመናቸው አንዷን ማዕዘን በቴዎዶላይት ደጋግመው አንብበው አማካዩን ካልወሰዱ ካርታ ላይ አያሰፍሯትም ነበር። «በአንድ ንባብ የአጥር ድንበር ባሰምር ኖሮ ሰው ይጋደል ነበር» አሉኝ፤ የድሮ ሰው እንዲህ ነው።

በሦስተኛው ጉብኝታችን አምስቱ የመስመር ጥያቄዎችም ረዝመው ተገኙና ፈተናው ወደ አንድ ጥያቄ ተጠቃለለ። የሰዓት ሥዕል ሥለው አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ እንዲያደርጉት ታዘዙ። አጎቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ የእጅ ሰዓታቸውን በፈረንጅ አስተካክለው በሐበሻ ሲያነቡ የኖሩ ናቸውና፣ አጭሩን ዘንግ አምስት ላይ፣ ረጅሙን ሁለት ላይ አሳምረው አስቀመጡት። ነርሷ አጭሩ ዘንግ 11 ላይ አለመሆኑን አይታ ዜሮ ሰጠቻቸው። ሌላ ጥያቄ ስላልነበረም ዜሮዋ ብቻዋን የመጨረሻ ውጤት ሆነች።

የቀጠሮ ካርዱ ላይ «ማክሰኞ፣ 10 ሰዓት» ተብሎ ተጻፈ። አጎቴ መነጽራቸውን አድርገው ካርዱን ደጋግመው ካነበቡ በኋላ «ልጄ፣ ይህ 10 ሰዓት በእኔ ሰዓት ነው ወይስ በፈተናው?» ብለው ጠየቋት። እሷም ጥያቄውን በካርዱ ጀርባ ላይ «ግራ ይጋባሉ» ብላ መዘገበችው።