ሙሽሮቻችን ኑሩልን፣ ዛንዚባርን በትከሻችሁ በኩል አየናት

አንዳንድ ሰው አለ ብቻውን የሚደሰት፣ ስግብግብ። የዘንድሮ ሙሽሮች ግን እግዜር ይስጣቸው እንደዛ አይደሉም። ድሮኮ ጫጉላ ቤት ተሠርቶ ሙሽራና ሙሽሪት ከሰው ተሸሽገው ነው የሚከርሙት፣ ከሚዜ በስተቀር ምን እንደበሉ እንኳን የሚያውቅ የለም። ምን አይነት ጭካኔ ነው! የአክስቴ ልጅ አግብታ ዛንዚባር ስትሄድ ግን እኔ ሳሪስ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ጫጉላውን ከሀ እስከ ፐ ተካፍያለሁ፣ ስድስት ቀን ሙሉ፣ በቀን ሀያ ምናምን ስቶሪ፣ ቁርሳቸውን ራሱ እኔ ነኝ ትኩሱን የማየው፣ እነሱ ፎቶ አንስተው እስኪጨርሱ እንቁላሉ በረዶ ይሆናል።

እና ዛንዚባር እንዴት ናት ብትሉኝ በደንብ አውቃታለሁ፣ ከጀርባቸው ነች። በሷ ግራ ትከሻና በሱ ባርኔጣ መሀል ትንሽ ክፍተት አለች፣ ደሴቷን በሙሉ በዛች ነው የጎበኘኋት።

ጀግንነታቸው የጀመረው ገና ከሻንጣው ነው። አክስቴ "ሰው አገር ሄደው እንዳይራቡብኝ" ብላ ሽሮና በርበሬ በፌስታል በፌስታል ቋጥራ ሰጠቻቸው። ዛንዚባር ያለችባት ታንዛኒያ ደሞ በፈረንጆቹ ከ2019 ጀምሮ ፌስታል የከለከለች አገር ናት፣ ስለዚህ ኤርፖርት ላይ ፌስታሉ ቀረና ሽሮው በሙሽሪት ሻርፕ ተቋጥሮ ደሴት ገባ። በርበሬው ውስጥ ቅርንፉድ አለበት እንዴ? አለበት እንጂ! ወደ ዛንዚባር ቅርንፉድ፣ ወደ ጅማ ቡና እንደማለት ነው። የደሴቷ ሰዎች ካራፉ ነው የሚሉት፣ ስሙ ራሱ የሩቅ ዘመድ ይመስላል። የቅመም እርሻ ሊጎበኙ ሄደው፣ የዘንባባ ቅጠል ዘውድ ተሠርቶ ጭንቅላታቸው ላይ ተደርጎላቸው፣ ሰውየው ቅርንፉድ ከዛፉ ቆርጦ ሲሰጣት አሸተተችውና "እንዴ፣ እማዬ ቤት እማዬ ቤት ሸተተኝ" አለች። አራት ሰከንድ ብትሆን ነው። በኋላ ሳያት የለችም፣ አጥፍታዋለች፣ ለካ ብርሃኑ ጥሩ አልነበረም።

አሁን ወደ ጀልባው ልምጣ፣ እሱ ነው ዋናው። ፓጄ የሚባል የባህር ዳርቻ ነው ያረፉት፣ በምስራቅ በኩል። ጀልባ ያለው ሰውዬ ዶልፊን አሳያችኋለሁ አለና "ሳ ታቱ ኑ" አላቸው። ሙሽራው ስዋሂሊ ከቲክቶክ ተምሯል፣ ሞጃ፣ ምቢሊ፣ ታቱ ብሎ በጣቱ ቆጠረ፣ ሦስት። ስልኩን አየ፣ ሦስት ሰዓት ማለት በስልኩ ከሰዓት በኋላ ነው። ልብ በሉልኝ፣ ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቆጥሩት ልክ እንደኛ ነው፣ ከንጋት ጀምረው፣ ሳ ታቱ ማለት የኛው የጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። ፈረንጅ ቢሳሳት ይፈረድለታል። ግን ይሄ ልጅ ሀያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በጠዋት ሦስት ሰዓት ሥራ ሲገባ የኖረ፣ እዛ ደሴት ላይ ካሉት ቱሪስቶች በሙሉ ነገሩ ያለ አስተርጓሚ ሊገባው የሚችል ብቸኛው ሰው፣ በኛ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ላይፍ ጃኬት አጥልቆ ከች አለ። ጀልባው ሄዷል። ባህሩም ሄዷል! ፓጄ ላይ ውሃው ሲሸሽ እስከ ሩቅ ድረስ ነው የሚሸሸው፣ የቀሩት ጀልባዎች ጎናቸውን ደግፈው አሸዋ ላይ ተጋድመዋል።

ተስፋ የሚቆርጥ ሰው እዚህ ጋ ይቆርጥ ነበር። እነሱ ግን የደረቀው ባህር ላይ ወርደው አርባ ደቂቃ ፎቶ ተነሱ። በዛች ክፍተቴ በኩል ከኋላ ሴቶች አየሁ፣ ጎንበስ ብለው ውሃው ሳይመለስ የባህር ሳር ገመድ ላይ የሚያስሩ፣ ይሄ ሳር ተሽጦ ወደ ውጪ ይሄዳል፣ የሚወጣለት ነገር የጥርስ ሳሙናና አይስክሬም ለማወፈር ይገባል። ሙሽራው በእጁ ወደ ጎን ፈቀቅ በሉልን አላቸው። አንዷ ስላልገባት ቀረች፣ ግን ችግር የለውም፣ በአፕ ጠፍታለች። በማግስቱ ጠዋት የአክስቴ ልጅ "ጉድ ሞርኒንግ ፍቅሮቼ" ብላ አፏ አረፋ ሞልቶ ጥርሷን ስትቦርሽ ያቺን ሴትዮ አሰብኩ።

ስቶን ታውን የሚባለው የዛንዚባር አሮጌ ከተማ አንድ ቀን በቂ ነው ብለው ሄዱ። በሮቹ የነሐስ ጉልላት የተመታባቸው ትልልቅ የተቀረጹ በሮች ናቸው፣ አስራ ሦስቱ ፊት ቆመዋል፣ እያንዳንዱ በር ፊት እግር አንሳ፣ እግር አውርድ። ከዛ የባሪያ ገበያው የነበረበት ቦታ ሄዱ። ገበያው በፈረንጆቹ 1873 ተዘግቶ ቦታው ላይ ቤተክርስቲያን ተሠራ፣ ግቢው ውስጥ ጉድጓድ አለ፣ ጉድጓዱ ውስጥ አንገታቸው በሰንሰለት የታሰረ ሰዎች ሐውልት። የኛዎቹ ጫፉ ላይ ተቃቅፈው፣ ፈገግ ብለው፣ ከስሩ "በፍቅር ሰንሰለት የታሰርን ❤" የሚል ጽሑፍ። እኔም ላይክ አርጌዋለሁ፣ ታክሲው መጥቶ እየተጋፋሁ ስለነበር አላየሁትም፣ ማታ ነው ያየሁት።

ቻንጉ ደሴት ደሞ አለች፣ እስር ቤት ተሠርቶባት እስረኛ ያልገባባት፣ ኋላ ለቢጫ ወባ ማቆያ የሆነች። አሁን የኤሊዎች ናት፣ በፈረንጆቹ 1919 ከሲሸልስ በስጦታ የመጡ ግዙፍ ኤሊዎች ዘር፣ ዕድሜያቸው ጀርባቸው ላይ በቀለም የተጻፈ። ሙሽራው አንዱን ሽማግሌ ኤሊ "ስማይል" ሲለው ሰምቻለሁ። ኤሊው አንገቱን አስገባ።

ቦሌ ሲደርሱ ደወልኩላት።

"እሺ እንዴት ነበር፣ ባህሩ እንደሚባለው ሙቅ ነው?"

"እኔንጃ፣ ሜካፕ ስለነበረኝ አልገባሁም" አለችኝ፣ ቀጥላም "ስማ ግን፣ የሐሙሱን ላይክ አላረክም።"