ከፓተሩ ፊት ልስላሴ በፊት የክብደቱ አቀማመጥ ይታይ

ስለ ፓተር (በጎልፍ ኳሱን ወደ ጉድጓዱ ለማንከባለል የምንጠቀምበት ዱላ) አመራረጥ ያነበብኩት ጽሑፍ ጸሐፊ፣ ከሁሉ አስቀድመን የፊቱን፣ ማለትም ኳሱን የሚነካውን ገጽ፣ ልስላሴ እንድንመለከት መክረዋል፤ እኔ ግን የጭንቅላቱ ክብደት አቀማመጥ መቅደም አለበት ብዬ አምናለሁ። የጎልፍ ዱላ ሠሪው ካርስተን ሶልሃይም እ.ኤ.አ. በ1959 ፒንግ የተባለውን ፓተር ሲሠራ ክብደቱን ከመሃል ወደ ሁለቱ ጫፎች ያራቀው፣ ኳሱ ከመሃል ፈቀቅ ብሎ ቢመታም ጭንቅላቱ በቀላሉ እንዳይዞር ነው (ስሙም የመጣው ኳሱን ሲመታ ከሚያሰማው ድምፅ ነው)። የጉድጓዱ ስፋት 108 ሚሊ ሜትር ብቻ በመሆኑ፣ በ3 ሜትር ርቀት ላይ የፓተሩ ፊት በ1 ዲግሪ ቢዛነፍ ኳሱ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ከመስመሩ ወጥቶ የጉድጓዱን ጠርዝ ይነካል ወይም ያልፋል።

እኔ ብሌድ ከሚባለው ባለ ቀጭን ጭንቅላት ፓተር ማሌት ወደሚባለው ባለ ሰፊ ጭንቅላት ፓተር ስቀይር፣ ኳሱን ወደ ጫፉ አስጠግቼ በመታሁ ቁጥር መዳፌ ውስጥ ይሰማኝ የነበረው መጠምዘዝ በእጅጉ ቀነሰ፤ ኳሱም መስመሩን ይበልጥ መጠበቅ ጀመረ። ይሁን እንጂ ያ መጠምዘዝ ስህተቴን ወዲያው ይነግረኝ ስለነበር፣ ለልምምድ ዛሬም ብሌዱን እመርጣለሁ። ስለ ልስላሴ የተባለውም ቢሆን፣ «ለስላሳ» የምንለው ስሜት አብዛኛው ከጆሯችን የሚመጣ ስለሆነ፣ ድምፁ ተለይቶ ቢብራራ ጽሑፉ ይበልጥ በጠቀመን ነበር።